ስጥ ላይ የሚገናኙት፦ የቆቦ ግቢ ወፎችና ድመቶች

ኅዳር ሲገባ የቆቦ ማሽላ ይቆረጣል፤ ተወቅቶና ተመንሽቶ ወደየቤቱ ይገባል። ለወፍጮ የተዘጋጀው እህል ጠዋት ጠዋት ስጥ ሆኖ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ይውላል። እንዲጠብቅ የተቀመጠውን ልጅ ጨዋታ ሲያዘናጋው ከኒሙ ዛፍ ላይ ዋኔ ትወርዳለች። ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ድንቢጦች ይከተሏታል። ከአገዳው ክምር ጥግ ደግሞ የቤቱ ድመት ሆዷን መሬት አስነክታ ማድባት ትጀምራለች።

ወፉንም፣ አይጡንም፣ ድመቷንም ወደዚህ ግቢ ያመጣቸው እህሉ ነው።

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በራያ ሜዳ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ያዋስናታል፤ ከዞብል ማዶ የአፋር ቆላ ነው። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ላይ ያሰራጫል። ማሽላ ለዚህ ሜዳ ጎረቤት እህል ነው ማለት ይቻላል። ሰው ከዱር አውጥቶ ማልመድ እንደጀመረ የሚያሳየው ጥንታዊ ማስረጃ የተገኘው በምሥራቅ ሱዳን ሲሆን ዕድሜው ከ5,000 ዓመት ይበልጣል።

በግቢው ወፎች መካከል ሰውን አጥብቃ የተጠጋችው ድንቢጥ ናት። ራሷና ደረቷ ግራጫ፣ ክንፏና ወገቧ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በሳይንስ መዝገብ ላይ ያሰፈራት ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ኢትዮጵያን ከጎበኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በስዌንሰን ስም ሰይሟታል። ጎጆዋን በክዳን ጠርዝና በግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ከሣርና ከላባ ትሠራለች። የፈሰሰ ጥሬ ትለቅማለች፤ ለጫጩቶቿ ግን ትልና ነፍሳት ታመጣለች።

ዋኔ ለቤት ሥራ አትጨነቅም። ጥቂት ጭራሮ ቅርንጫፍ ላይ አነባብራ ሁለት ነጭ እንቁላል ትጥላለች፤ ከሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው እንቁላሉ በጭራሮው መሐል ሊታየው ይችላል። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ሁለት ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ የሚመገቡት ከወላጆቻቸው ጉሮሮ ሥር ካለው የምግብ ከረጢት የሚመነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው፤ አባትየውም ያመነጫል። ይህ የዋኔና የእርግብ ወገን የታወቀበት ጸጋ ነው።

የዚህ ግቢ አስደናቂ ታሪክ ግን በጣም ትንሿ ወፍ ዘንድ ይገኛል። ርዝመቷ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወንዱ ከራሱ እስከ ደረቱ ደማቅ ቀይ ሲሆን ምንቃሩም ቀይ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ሆና ዓይኗ አጠገብ ቅላት አላት። በሙቀጫ እህል የተወቀጠበት ቦታ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ብናኝ ይለቅማሉ፤ ሰው በአጠገባቸው ቢያልፍ ብዙም አይደነግጡም። በእነዚህ ቀይ ወፎች ጎጆ ውስጥ ሌላ ወፍ በስውር እንቁላሏን ትጥላለች። የዚህች ወፍ ወንድ በመራቢያ ወራት ጥቁር ሆኖ ሰማያዊ ያብረቀርቃል። እንግዳው ጫጩት አፉን ሲከፍት በውስጡ የሚታዩት ነጠብጣቦች የባለቤቶቹን ልጆች ስለሚመስሉ፣ አሳዳጊዎቹ ለይተው አያባርሩትም። ከልጆቻቸው ጋር እኩል ያጎርሱታል። ወንዱ እንግዳ ካደገ በኋላ የአሳዳጊዎቹን ዜማ ይዘምራል። ሴቷ እንግዳም ያንን ዜማ የሚዘምር ወንድ ትመርጥና እንቁላሏን ተመልሳ በዚያው ወገን ጎጆ ትጥላለች። በልጅነት የተሰማ ድምፅ ትዳርንም፣ የልጅ ማሳደጊያንም ይወስናል።

በራያ ግን ወፍ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግሪሳን ነው። የሚያስብበትም በቂ ምክንያት አለው። የአንድ ግሪሳ ክብደት 20 ግራም ገደማ ነው፤ በቀን የሚበላው ጥሬም 10 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ሚሊዮን ሆኖ ሲወርድ ግን በአንድ ቀን 20 ቶን እህል ይበላል። ስለዚህ ማሽላው ወተት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ቤተሰቡ ማማ ላይ ወጥቶ፣ በወንጭፍና በጅራፍ ድምፅ መንጋውን ሲያባርር ይውላል። መንጋው ሲበረታ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል። ርጭቱ ግን ግሪሳን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ የተመረዘውን ወፍ የሚበሉ ጭልፊቶችም ይሞታሉ። ግሪሳም ምንቃሩ ቀይ ስለሚሆን ከላይ ከተነገረላት ትንሽ ወፍ ጋር ሊምታታ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ግሪሳ ጀርባው እንደ ድንቢጥ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው፣ የሚጓዘውም በመንጋ ነው። ግቢ ውስጥ ጥንድ ሆነው ብናኝ የሚለቅሙት ቀያዮቹ በማሽላው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የለም፤ የወንጭፍ ድንጋይም አይገባቸውም።

የድመቷ ታሪክ ከጎተራው ይጀምራል። የቤት ድመት የዘር ግንድ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖረው የዱር ድመት ነው፤ ይህ አውሬ ዛሬም በኢትዮጵያ ቆላ ይገኛል። የጥንት ገበሬዎች እህል ሲያከማቹ አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትሎ ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት በቁፋሮ ተገኝታለች። በቆቦ ቤቶችም ውሮ እየተባለች የምትጠራው ድመት ወጥ ቤትና ጎተራ እንዳሻት የምትገባው ለዚሁ አገልግሎቷ ነው። በሙስሊሙ ቤት ተጨማሪ ክብር አላት፤ በእስልምና ድመት ንጹሕ እንስሳ ስለሆነች ከጠጣችበት ውኃ ውዱእ ማድረግ ይፈቀዳል።

አደኗን በጸጥታ ለሚመለከት ሰው ሥራው ሁሉ በግልጽ ይታያል። ጆሮዋ የሰው ጆሮ የማይሰማውን የአይጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ዓይኗ ለሰው ከሚያስፈልገው ብርሃን አንድ ስድስተኛው ይበቃዋል። ትጎነበሳለች፣ ትራመዳለች፣ ትቆማለች፤ ጥፍሯን ሰብስባ ስለምትረግጥ ኮቴዋ አይሰማም። ወፏ ከማትደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ስትሆን መንጋጋዋን እያንቀጠቀጠች ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ድምፅ ታሰማለች።

ወፎቹም ዝም ብለው አይበሉም። የዋኔ ዓይኖች በራሷ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ሳትዞር ከኋላዋ ያለውን ብዙውን ታያለች። አንዷ ወፍ ድመቷን ካየች የማስጠንቀቂያ ድምፅ ታሰማለች፤ ሌሎቹ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ይጮሁባታል። ከታየች በኋላ ማድባቷ ዋጋ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ተነሥታ ትሄዳለች።

ይሁን እንጂ ድመት ጉዳት አታደርስም ማለት አይደለም። በኒውዚላንድ ስቲቨንስ ደሴት መብረር የማትችል ትንሽ ወፍ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የባሕር መብራት ሲተከል ድመቶች ገቡ፣ ወፏም ብዙ ሳትቆይ ፈጽማ ጠፋች። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ እንደሚገድሉ ገምቷል፤ አብዛኛውን የሚገድሉት ባለቤት የሌላቸው ናቸው። የራያ ወፎች ከዱር ድመት ጋር ከጥንት ጀምሮ አብረው ስለኖሩ መጠንቀቅ ያውቃሉ፤ ባለቤት አልባ ድመት ሲበዛ ግን ጥንቃቄያቸው ብቻውን አይበቃም። የዱር ድመቱም ራሱ ከቤት ድመት ጋር እየተዳቀለ ዘሩ ይደባለቃል።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ ጠግባም ታድናለች። አመሏን መቀነስ ግን ይቻላል። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት ይዘው የሚመጡት ግዳይ በ36 በመቶ ቀንሷል። በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በክርና በላባ የተጫወቱት ግዳይ ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሷል። ገመድ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ ድመት ማጫወት ለቆቦ ልጆች ወጪ የለውም።

ግቢውን ለወፎቹም ለድመቷም ማመቻቸት የሚፈልግ ቤተሰብ ውኃ የያዘ ገል ከአገዳው ክምርና ከቁጥቋጦ ራቅ አድርጎ ገላጣ ቦታ ላይ ያስቀምጣል፤ ድመቷ የምታደባበት እንዳታገኝ። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ወፎቹ ለመልቀም በብዛት ሲወርዱ ድመቷን ቤት ውስጥ ያቆያታል። ለአይጥ መርዝ ከመርጨት ይቆጠባል፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ወይም ጉጉት ልትሞት ትችላለችና። ልጆች ደግሞ ቀያዮቹ ጥንዶች በየትኛው ወር ጎጆ እንደሠሩ፣ ጥቁሩ እንግዳ መቼ መዘመር እንደጀመረ ደብተር ላይ ቢጽፉ መዝገቡ ከግቢው ያለፈ ጥቅም አለው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ባላት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የሚሠራው ወፎችንና ሌሎች የዱር እንስሳትን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ነው፤ የወፎችን ሁኔታ ለማወቅ ደግሞ ቀንና ቦታ ያለው ምልከታ የግድ ያስፈልጋል።