ካኦቦረስ፦ በሐይቅ ውስጥ የማይታየው አዳኝ

በማላዊ ሐይቅ ላይ በተወሰኑ ወቅቶች ከውሃው ገጽ ጥቁር ዓምድ ወደ ሰማይ ሲወጣ ይታያል። ከሩቅ ላየው ጭስ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፍር ቁጥር የሌለው የትንኝ መንጋ ነው። የአካባቢው ሰዎች ይሰበስቡታል፤ ጠፍጥፈውና አድርቀው «ኩንጉ» የሚባል ምግብ ያዘጋጁበታል። ትንኙ ካኦቦረስ ይባላል። የወባ ትንኝ ዘመድ ቢሆንም ሰው አይነክስም። ክንፍ አውጥቶ የሚኖረው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ረጅሙን ዕድሜውን በእጭነት ውሃ ውስጥ ያሳልፋል፤ በሐይቁ ሕይወት ላይ ትልቅ ሚና የሚኖረውም ያኔ ነው።

እጩ አራት የዕድገት ደረጃዎች አሉት፤ በመጨረሻው ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሰውነቱ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ለዓሣ ዓይን በቀላሉ አይጋለጥም። ጎልተው የሚታዩት ዓይኖቹና ሁለት ጥንድ የአየር ከረጢቶቹ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ ደረቱ ላይ፣ ሌላው ወደ ጅራቱ ይገኛል። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት አውጉስት ክሮግ እጩ በእነዚህ ከረጢቶች ውሃ ውስጥ ከፍና ዝቅ እንደሚል በ1911 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። ከረጢቱ በምን ኃይል እንደሚሰፋና እንደሚጠብ የታወቀው ግን በ2022 ነው። የካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ሬዚሊን የተባለ ተለጣጭ ፕሮቲን አገኙ። ፕሮቲኑ የአልካላይንነት መጠን ሲጨምር ያብጣል፣ አሲድነት ሲጨምር ይኮማተራል። እጩ በዚህ ኬሚስትሪ የከረጢቱን መጠን ያስተካክላል።

ካኦቦረስ እንስሳ አሳድዶ አይዝም፤ አድፍጦ ይጠብቃል። በአግድም ተንሳፎ ጸጥ ይላል። በአጠገቡ የሚያልፍ ትንሽ እንስሳ የሚፈጥረውን የውሃ ንዝረት በሰውነቱ ፀጉሮች ያዳምጣል፤ ሲደርስለት ተወርውሮ በአንቴናዎቹ ያፍነዋል። የያዘውን ወደ ጉሮሮው አስገብቶ እዚያው ይፈጨዋል፤ የማይፈጨውን ቅርፊት መልሶ ይተፋዋል። ገና ትንሽ ሳለ ሮቲፈርና ሌሎች ደቃቅ ፍጥረታትን ይበላል፤ ሲያድግ ኮፔፖድና ዳፍኒያ የተባሉ ትንንሽ የውሃ እንስሳትን ያድናል።

አፉ የሚችለው መጠን ውስን በመሆኑ በብዛት የሚጠቃው ትንሹና መካከለኛው ፕላንክተን (ውሃ ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር ደቃቅ ፍጥረት) ነው። ዓሣ በተቃራኒው ትልልቁን ይመርጣል። በዚህ የተነሳ ዓሣ በበዛበት ሐይቅና ካኦቦረስ በገነነበት ሐይቅ የፕላንክተኑ ዓይነትና መጠን ይለያያል። ዳፍኒያዎችም ዝም ብለው አይታደኑም፦ ካኦቦረስ ባለበት ውሃ ውስጥ የሚያድጉ የዳፍኒያ ፑሌክስ ግልገሎች ማጅራታቸው ላይ ትንንሽ ጥርሶች ያወጣሉ። እነዚህ ጥርሶች አዳኙ ይዞ እንዳይውጣቸው ያስቸግሩታል። አደጋውን የሚያውቁት በውሃው ውስጥ ባለ ኬሚካል ነው፤ በ2018 በታተመ ጥናት ኬሚካሉ ግሉታሚን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር የተጣመረ የስብ አሲድ መሆኑ ተለየ። ይህ ውህድ እጩ ለምግብ መፍጫ የሚጠቀምበት ነው፤ ቅርፊቱን ሲተፋ አብሮ ይወጣል። አዳኙ ሲበላ የሚያፈስሰው ነገር ለታዳኙ ማስጠንቀቂያ ሆነ ማለት ነው።

እጩ ራሱም ይታደናል። ዓሣ ባለበት ሐይቅ ብዙዎቹ ዝርያዎች ቀን በደለሉ ውስጥ ወይም ኦክስጅን ባነሰበት ጥልቅ ውሃ ተደብቀው ይውላሉ፤ ሲመሽ ለአደን ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ በቀን ብቻ ናሙና የሚወስድ ተመራማሪ ቁጥራቸውን አሳንሶ ይገምታል። ካኦቦረስ አሜሪካነስ የተባለው ዝርያ ግን ዓሣ ባለበት መኖር ይከብደዋል፤ ዓሣ በሌለበት ሐይቅ ቀንም ውሃው መሃል ይገኛል። የዚህ ዝርያ እጮች መንጋጋ በደለል ውስጥ ለረጅም ዘመን ስለማይበሰብስ፣ ሳይንቲስቶች ደለሉን ንብርብር በንብርብር እየመረመሩ አንድ ሐይቅ ዓሣ ያጣበትን ጊዜ ይለዩበታል። በሰሜን አሜሪካ በአሲድ ዝናብ የተጎዱ ሐይቆች ታሪክ የተነበበበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

በምግብ ሰንሰለቱ መካከል ያለን እንስሳ ከሌላው ነጥሎ ማየት ዋጋ ያስከፍላል። በማላዊ ሐይቅ ካኦቦረስ «ዓሣ መሆን የሚችለውን ምግብ ያባክናል» ተብሎ፣ እሱን የሚበላ ዓሣ ከውጭ እንዲመጣ በ1980ዎቹ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት ግን የሐይቁ ተወላጅ ዓሦች ቀድሞውንም እየበሉት እንደሆነ አሳየ። በካሊፎርኒያው ክሊር ሐይቅ ያጋጠመው የከፋ ነው። በሰው ፊት ላይ የሚርመሰመሰውን ካኦቦረስ አስቲክቶፐስ የተባለ ዝርያ ለማጥፋት በ1949፣ በ1954 እና በ1957 ዲዲዲ የተባለ ፀረ ተባይ ውሃው ውስጥ ተጨመረ። በ1949 መጠኑ ከ70 ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነበር። መርዙ ግን ከፕላንክተን ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፍ እየተጠራቀመ ሄደ፤ ዓሣ በል በሆኑት ግሪብ ወፎች ስብ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 1,600 እጅ ደረሰ። ከ1,000 በላይ የነበሩት የሚራቡ የግሪብ ጥንዶች በ1960 ወደ 30 ገደማ ወረዱ። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው «ሳይለንት ስፕሪንግ» በተባለ መጽሐፏ ይህን ታሪክ ለዓለም አሰማች።

ትንኙን ለመቀነስም ሆነ ዓሣን ለማብዛት የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ እጩ ማንን ይበላል፣ እሱንስ ማን ይበላዋል? የዚህ መልስ ሳይታወቅ በሐይቅ ላይ የሚወሰን ውሳኔ ጉዳቱ ከታሰበለት ትንኝ አልፎ ይሄዳል።