ሊኑክስ እንዴት ይነሳል? ተረትና እውነታ

«ማብሪያውን ስጫነው ሊኑክስ ይነሳል።» ገና ነው። ቀድሞ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር ነው፤ በቆዩት ማሽኖች ባዮስ፣ በአሁኖቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ራሙንና ዲስኩን ፈትሾ ሥራውን ለግረብ ያስረክባል። ግረብ ደግሞ «ኡቡንቱ ወይስ ዊንዶውስ?» ብሎ የሚያስመርጠን ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው የሊኑክስ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ተራው የሚደርሰው ግረብ ራም ላይ ሲጭነው ነው።

«ከርነሉ ከተነሳ በቃ፣ አለቀ።» አላለቀም፤ እንዲያውም እኔን የሚገርመኝ ክፍል እዚህ ነው። ከርነሉ ዲስኩን ለማንበብ ድራይቨር ያስፈልገዋል፤ ድራይቨሩ ግን ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል ማለት ነው። ስለዚህ ግረብ ከከርነሉ ጋር ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ጊዜያዊ ጥቅል ራም ላይ ይጭናል። አስፈላጊዎቹ ድራይቨሮች እሱ ውስጥ አሉ፤ ዲስካችሁ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቃችሁ እሱ ነው። ዋናው ዲስክ ሲከፈት ጥቅሉ ቦታውን ይለቅና ቁጥር 1 የሚሰጠው ፕሮግራም ይጀምራል። በኡቡንቱ፣ በዴቢያንና በፌዶራ ይህ ሲስተምዲ ነው። ኔትወርኩን፣ መግቢያ ገጹንና ሌላውን አገልግሎት፣ የቻለውን ያህል ጎን ለጎን፣ ያስነሳል።

«ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ከተንጋጋ ማሽኑ ተበላሽቷል።» ጽሑፉ ሁልጊዜም አለ፤ ኡቡንቱ በአርማው ስለሚሸፍነው ነው የማናየው። አረንጓዴ «ኦኬ» ያለበት መስመር አንድ አገልግሎት በሰላም መነሳቱን ይናገራል። ቀይ «ፌይልድ» ቢመጣም አትደንግጡ፤ የፕሪንተር አገልግሎት አልነሳ ስላለ ኮምፒውተሩ አይቆምም።

ከሁሉም ጉዳት የሚያደርሰው ግን ይኸኛው ነው፦ «ዊንዶውስ ስጭን ሊኑክሱ ጠፋ፤ ፎርማት ይደረግ።» ስንት ፋይል በዚህ አነጋገር ተበልቷል! በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ የእያንዳንዱ ሥርዓት ማስነሻ አንዲት ትንሽ የዲስክ ክፍል ላይ የየራሱ ማህደር አለው፤ ፈርምዌሩም የማን ተራ እንደሚቀድም ይመዘግባል። ዊንዶውስ ሲጫን ራሱን ከፊት ያሰልፋል እንጂ የጎረቤቱን ማህደር አይነካም። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ተጭናችሁ (እንደ አምራቹ ይለያያል) ወደ ማስተካከያው ግቡና ኡቡንቱን ከላይ አድርጉት። በባዮስ የሚነሳ የቆየ ማሽን ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል፤ ዊንዶውስ የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለችው 512 ባይት ውስጥ የግረብን መነሻ አጥፍቶ የራሱን ይጽፍባታል። ያኔም ቢሆን ከፍላሽ በሚነሳ ኡቡንቱ የሚመለሰው ግረብ ብቻ ነው፤ ዊንዶውሱ የሊኑክሱ ክፍል ላይ እስካልተጫነ ድረስ ፋይሎቻችሁ ከነቦታቸው አሉ።

«ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ግረብ ተነስቷል፤ የራሱን ፋይሎች ግን አጥቷል። «ከርነል ፓኒክ» ካለ ደግሞ ግረብ ድርሻውን ጨርሷል፤ ችግሩን ከእሱ በኋላ ፈልጉት። ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን መስመሮች በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው።