ሰዓቱን የማይስት ባሕር፤ በሞን ሳን ሚሼል ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚደረግ የእግር ጉዞ

በደጋ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው በአንድ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ከላይ ወደ ታች መውረዱ ነው። ወንዝ ይሞላል፤ ይጐድላልም፤ ነገር ግን ወደ ምንጩ አይመለስም። በክረምት ወራት ከራስጌ በጣለ ዝናብ ደራሽ ውሃ መጥቶ ተሻጋሪውን እንደሚወስድ ሁላችንም ከወላጆቻችን ሰምተናል፤ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውም ምሳሌ ይህንኑ ያስጠነቅቃል። በባሕር ዳር ያለው ውሃ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በቀን ሁለት ጊዜ ከዳር ይሸሻል፤ ሁለት ጊዜም ይመለሳል። ይህን ጠባይ ሳያውቁ በባዕድ አገር ባሕር ዳር የሚኖሩና የሚመላለሱ ልጆቻችን ዛሬ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ነገር በዓለም ስመ ጥር ስለ ሆነው ስለ አንድ ባሕረ ሰላጤና በዳሩ ስለሚያልፈው የእግር መንገድ ልንጽፍ ወደድን።

ባሕረ ሰላጤው የሚገኘው በፈረንሳይ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል፥ ኖርማንዲና ብረታኝ በሚባሉት ክፍሎች መካከል ነው። ስፋቱ ወደ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በውስጡ እንደ አምባ ብቻውን የቆመ የዓለት ኮረብታ አለ፤ በጫፉም ላይ በሊቀ መላእክት በቅዱስ ሚካኤል ስም የተሠራ ገዳም ተቀምጧል። ስለዚህ ቦታው በፈረንሳይኛ ሞን ሳን ሚሼል፥ ማለት የቅዱስ ሚካኤል ተራራ ይባላል። የጥንት ሰዎች በዚህ ስም ላይ «በባሕር አደጋ መካከል ያለው» የሚል ቅጽል ይጨምሩበት ነበር። ቅጽሉ ለጌጥ ያልተሰጠ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በገዳሙ ትውፊት እንደሚተረከው በ708 ዓ.ም. ቅዱስ ሚካኤል ለአቭራንሽ ከተማ ጳጳስ ለኦበር በራእይ ተገልጦ በኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አዘዘው። ጳጳሱ ግን ራእዩን ተጠራጥሮ ሁለት ጊዜ ዝም አለ፤ በሦስተኛው ጊዜ መልአኩ ጣቱን በራሱ ላይ ቢያሳርፍበት ተነሥቶ ሠራ ይባላል። በ966 የቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ መነኮሳት ገቡበት። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ገዳሙ ወህኒ ቤት ሆኖ እስከ 1863 ቆየ። በ1979 ዩኔስኮ ተራራውንና ባሕረ ሰላጤውን በአንድነት በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፋቸው። ቦታው የሮማ ካቶሊክ ገዳም ነው፤ በሥርዓትም ከእኛ ይለያል። ነገር ግን በየወሩ በ12ኛው ቀን ቅዱስ ሚካኤልን ለሚዘክር ቤት ስሙ እንግዳ አይደለም።

የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ምክንያቱ ጨረቃና ፀሐይ ውሃውን መሳባቸው ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚያልፍ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ የሁለቱ ስበት ስለሚተባበር ሙላቱ ከፍ ይላል፤ ሽሽቱም ይርቃል። ጨረቃ በግማሽ ስትታይ ግን ሁለቱም ይቀንሳሉ። በሞን ሳን ሚሼል ታላቁ ሙላት የሚመጣው ጨረቃ ከተወለደች ወይም ሙሉ ከሆነች ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 15 ሜትር ይጠጋል፤ ይህም የባለ አምስት ፎቅ ቤት ከፍታ ያህል ነው። መሬቱም ሜዳ ስለ ሆነ ባሕሩ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሸሻል።

እዚህ ላይ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ልብ የሚለው ነገር አለ። ሊቃውንቶቻችን በባሕረ ሐሳብ አበቅቴንና መጥቅዕን እያወጡ፥ ሠርቀ ሌሊትን እየቈጠሩ፥ የጨረቃን ዕድሜ የሚያሰሉት አጽዋማትና በዓላት ጊዜያቸውን እንዳይስቱ ነው። የዚያ ባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ያችኑ ጨረቃ የሚቈጥረው ነፍሱን ለመጠበቅ ነው። የእኛ ዲያቆን በዚያ ዳር ቢቆም፥ የሙላቱን ሰዓት ባያውቅ እንኳ፥ የትኛው ሳምንት የሚያስፈራ እንደ ሆነ በቍጥሩ ሊያውቅ ይችላል።

አሁን አንባቢያችንን በሐሳብ ይዘን መንገዱን እንጀምር። በሰሜን በኩል ያለው የእግር መንገድ በፈረንሳይ የረጅም መንገዶች መዝገብ 223 ቍጥር የተሰጠው ሲሆን፥ መንገደኛው በዛፍና በድንጋይ ላይ የተቀቡትን የነጭና የቀይ ቀለም ምልክቶች እየተከተለ ይሄዳል። ከግራንቪል ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው በካሮል ገደል ላይ ሲደርስ ባሕረ ሰላጤው በሙሉ ከፊቱ ይዘረጋለታል። በዚያ ገደል ላይ የጥንት ዘበኞች የጠላት መርከብ የሚጠብቁባት ትንሽ የድንጋይ ጎጆ እስካሁን ቆማለች። በሩቁ ተራራውና ገዳሙ፥ ከጐኑም ቶምብሌን የምትባለው ሰው የማይኖርባት ደሴት ይታያሉ። ውሃው በሸሸበት ሰዓት ሁለቱም በአሸዋ ሜዳ ላይ ይቀራሉ፤ በሞላበት ሰዓት ቶምብሌንን ባሕሩ ይከብባታል።

በምዕራብ በኩል ያለው መንገድ ደግሞ ቍጥሩ 34 ነው፤ ከሞን ሳን ሚሼል ተነሥቶ የብረታኝን ዳር ሁሉ እየዞረ እስከ ሳን ናዜር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የመንገዱም አመጣጥ ለመዝናኛ አይደለም። ከ1791 ጀምሮ የጉምሩክ ዘበኞች ኮንትሮባንድ የሚያስገቡትን ለመያዝ ቀንና ሌሊት በባሕር ጠርዝ ሲመላለሱ በእግራቸው የከፈቱት ነው። ዛሬ መንገደኛው የባሕርን ውሃ ለመከላከል በተሠሩት የአፈር ግድቦች ላይ ያልፋል፤ በግራው ከባሕር የተወሰደ የእርሻ መሬት፥ በቀኙ ጨዋማ ሣር የለበሰ መስክ ያያል። ከዚያም በእንጨት ላይ የባሕር ቅርፊታም እንስሳት የሚረቡበትን ለ ቪቪየን፥ በኦይስተር የታወቀችውን ካንካልን አልፎ በግሩዌን ጫፍ ላይ ባሕረ ሰላጤውን ይሰናበታል።

በዚያ ጨዋማ መስክ የሚሰማሩት በጎች በሥጋቸው ጣዕም የታወቁ ናቸው። በታላቅ ሙላት ቀን ባሕሩ መስኩን ስለሚሸፍነው እረኛው በጎቹን አስቀድሞ ወደ ደረቅ መሬት ይመልሳል። እንግዲህ በዚያ አገር እረኛ የሚባለው ሣሩን ብቻ ሳይሆን የጨረቃንም ቀን የሚያውቅ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዞ ግን በዳር ሳይሆን በመካከል የሚደረገው ነው። ዠኔ በተባለው መንደር አጠገብ ካለው ከቤክ ዳንዴን እስከ ተራራው በአሸዋው ላይ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን ምእመናን በዚህ መንገድ በእግራቸው ይሳለሙ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ከመሪ ጋር ይሻገራሉ። መሪው አስቀድሞ አሸዋውን ይመረምራል፤ ምክንያቱም ሴና ሴሉን የሚባሉት ወንዞች በአሸዋው ውስጥ መሄጃቸውን ስለሚለዋውጡ ትናንት የታለፈበት ስፍራ ዛሬ ላይታለፍ ይችላል። ውሃ የጠጣው አሸዋ ደግሞ እግርን ይይዛል። ሰውን ፈጽሞ አይውጥም፤ ነገር ግን አጥብቆ ሲይዝ ሳለ ባሕሩ ይመለሳል። የተያዘ ሰው መታገሉን ትቶ ወደ ኋላው ዘንበል ብሎ እግሩን ቀስ በቀስ ማውጣት ይገባዋል።

ይህ አደጋ ጥንታዊ ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት የተሠራውና በባዩ ከተማ ስም የሚጠራው ታላቅ የጥልፍ ሥዕል፥ ሃሮልድ የተባለው የእንግሊዝ መኰንን በሞን ሳን ሚሼል አጠገብ በኩዌኖን ወንዝ አሸዋ የተያዙትን ወታደሮች ሲያወጣ ያሳያል። ባሕሩ ሲመለስ እንደሚጋልብ ፈረስ ይፈጥናል የሚልም አባባል አለ። በእውነቱ ፍጥነቱ ፈጥኖ ከሚራመድ ሰው ብዙም አይበልጥም፤ አደጋው ያለው በአመጣጡ ነው። ውሃው በዝቅተኛው ቦይ እየገባ መንገደኛውን ከኋላው ይከብበዋል፤ መንገደኛው ፊት ለፊት ደረቅ አሸዋ እያየ ሳለ መመለሻው ይዘጋበታል።

ሰው ይህን ባሕር ሊያስረው የሞከረበትም ጊዜ ነበር። በ1879 ከየብስ እስከ ተራራው የድንጋይና የአፈር መንገድ ተሠራ፤ ጎብኚውም ሰዓት ሳይጠብቅ መግባት ቻለ። ነገር ግን ውሃው እንደ ልቡ መዞር ስለ ተከለከለ ጭቃውና አሸዋው እየተከማቸ ተራራውን ከየብስ ጋር ሊያገናኘው ተቃረበ። ስለዚህ በ2009 በኩዌኖን ወንዝ ላይ አሸዋውን ጠርጎ የሚያስወጣ ግድብ ተሠራ፤ በ2014ም ውሃ በሥሩ የሚያሳልፍ ድልድይ ተከፍቶ አሮጌው መንገድ ፈረሰ። ባሕሩን ያባረሩት ሰዎች ልጆች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ባሕሩን መለሱት።

ሰዓቱን አለማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ በቅርብ ዘመን ያየነው በሌላ ተመሳሳይ ባሕረ ሰላጤ ነው። በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ ሞርካም የሚባል ሰፊ አሸዋማ ባሕረ ሰላጤ አለ። በ2004 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 5 ቀን ምሽት በዚያ አሸዋ ላይ ቅርፊታም የባሕር እንስሳት ሲለቅሙ የነበሩ ቻይናውያን ሠራተኞች የባሕሩ ሙላት ከብቧቸው ቢያንስ 21 ሰዎች ሰጠሙ። እንግዶች ነበሩ፤ ባሕሩን አያውቁትም ነበር። ለእንጀራ ብለው በጨለማ ወደ አሸዋው ገቡ፤ ያሰማራቸውም ሰው በ2006 በፍርድ ቤት ተቀጣ። ልጁን ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሸኘ ወላጅ ይህን ዜና እንደ ባዕድ ወሬ ሊሰማው አይችልም።

በሞን ሳን ሚሼል ከሚተረኩት ተአምራት አንዱ ለመሳለም ስትሄድ ባሕሩ የደረሰባት ነፍሰ ጡር ሴት ናት። ማምለጥ ባቃታት ጊዜ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ብትለምን ውሃው ዙሪያዋን እንደ ግንብ ቆሞ በመካከሉ በሰላም ወለደች ይላሉ። እኛም በኅዳር 12 ቀን ቅዱስ ሚካኤል እስራኤልን እየመራ ማሻገሩን የምናስብ ሰዎች ነንና ይህን ታሪክ በደስታ እንሰማዋለን። ነገር ግን ከደስታችን ጋር አንድ ነገር እናስተውል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወደ ታች ወርውር ብሎ የተናገረው ፈታኙ ነው፤ ጌታችንም አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። ያቺ ሴት የጸለየችው ባሕሩ ደርሶባት ነው፤ መልአክ ይጠብቀኛል ብላ ባሕሩን ልትፈትነው አልገባችም። በመልአክ ጥበቃ የሚታመን ሰው የሙላቱን ሰዓት ቢጠይቅ እምነቱ አይጐድልም፤ እግዚአብሔር ለባሕር ወሰንና ጊዜ የሠራለት መሆኑን ማመኑ ነውና።

ስለዚህ በባሕር አገር ያላችሁ ልጆቻችን፥ በዳሩ መንገድ በደስታ ሂዱ፤ ፍጥረትን አይቶ ፈጣሪን ማመስገን መልካም ነውና። ከመውጣታችሁ በፊት ግን በየከተማው የሚገኘውን የሙላት ሰዓት ሰሌዳ ተመልከቱ። ያለ መሪ ወደ አሸዋው አትግቡ፤ ጭጋግ ከወረደም ተመለሱ። የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤት ሰው ንገሩ፤ በአውሮፓ አገሮች አደጋ ቢደርስ በ112 ስልክ ይጠራል። እናንተም ወላጆች፥ ልጃችሁ ባሕር ዳር ልሄድ ነው ብሎ በስልክ ሲነግራችሁ፥ ከምርቃታችሁ ጋር «ውሃው የሚመለሰው በስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።