ከአርጆ ወደ ሐምቡርግ፣ ከሐምቡርግ መልስ

በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ከተማ ውስጥ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በምስጢር ተሰብስበው አንድ ድርጅት መሠረቱ። መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ አሉት፤ በኋላ አገር ሁሉ መኢሶን ብሎ አወቀው። ከመሪዎቹ ዋነኛ የሆነው ኃይሌ ፊዳ ከነቀምቴ በስተደቡብ በምትገኘው አርጆ ተወልዶ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ፈረንሳይ የተሻገረ የወለጋ ልጅ ነበር።

ዛሬ በውጭ የሚማሩ አፍሪካውያን ተማሪዎች ለአህጉራቸው ልማት ይተባበሩ ሲባል ሐሳቡ ትናንት የተወለደ ይመስላል። ዕድሜው ግን መቶ ዓመት ደርሷል። የምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎች ኅብረት ለንደን ላይ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። በፈረንሳይ የነበሩት ጥቁር አፍሪካውያን ተማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 ፌዴሬሽናቸውን ፈጠሩ። ከእኛም ወገን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን አገራቸው በፋሺስት እጅ ሳለች፣ ነሐሴ 1929 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሥርተው ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን አሰለፉ። ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻም አልተጓዘም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1950 ዓ.ም. በአክራው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥተው ነበርና፣ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎች አገሮች የመጡት ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ የአገሬውን ተማሪ በፖለቲካ ክርክር አነቁት። ንጉሡ ይህን አስበው እንዳልጋበዟቸው መገመት አይከብድም።

የአውሮፓውና የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት ጉልበታቸው ጉባኤና መጽሔት ነበር። «ታጠቅ» እና «ትግላችን» በአውሮፓ፣ «ቻሌንጅ» በአሜሪካ እየታተሙ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። በነሐሴ 1963 ዓ.ም. የአውሮፓው ማኅበር በርሊን ላይ፣ የአሜሪካው ሎስ አንጀለስ ላይ ተሰብስበው በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ ተፋጠጡ። በዚያ ዘመን ልማት ማለት ለእነሱ ትምህርት ቤት መሥራትና ጉድጓድ ማስቆፈር አልነበረም። መሬት ለአራሹ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ጥገና ነው ባዮች ነበሩ። ኃይሌ ግን ከክርክሩ ጎን ለጎን አንድ ጸጥ ያለ ሥራ ይሠራ ነበር፦ በላቲን ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ሰዋስው። መጽሐፉ ፓሪስ ላይ ታተመ። ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል በይፋ የኦሮምኛ መጻፊያ የሆነው በ1984 ዓ.ም.፣ እሱ ካለፈ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ የጉባኤ ውሳኔ ይልቅ ዛሬ በነቀምቴ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ላይ አሻራው የሚታየው የዚህ ሥራ ይመስላል።

ኅብረታቸው የተሰነጠቀው ገና ውጭ ሳሉ ነው። በ1961 ዓ.ም. አውሮፕላን ጠልፈው ከወጡት ተማሪዎች ጋር የተሰባሰበው የአልጀርስ ቡድን ትግሉ አሁኑኑ ይጀመር ሲል፣ የኃይሌ ወገን ረጅም ዝግጅት ይቅደም አለ። አንዱ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ)፣ ሌላው መኢሶን ሆነው አገር ገቡ። ኃይሌ በ1967 መጀመሪያ አጋማሽ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደው ነበር። መኢሶን ለወታደራዊው መንግሥት ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ፤ ኢሕአፓ ተቃወመ፤ በአንድ የጉባኤ ወንበር ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተገዳደሉ። በነሐሴ 1969 መኢሶንም ከደርግ ተለያይቶ ኅቡዕ ሲገባ ኃይሌ ተያዘ። በ1971 ተገደለ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ሌላ የወለጋ ሰው ተገደሉ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በቦጂ ተወልደው ነቀምቴ የተማሩ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽም ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ሥነ መለኮት አጥንተው የተመለሱ ናቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ፣ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ በብዙ አገር ተነበበ። ነጥቡ ለጋሾችን የሚጎረብጥ ነበር፦ ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ መለኪያውን ራሳቸው ለምን ያወጣሉ? የሰውን ሥጋና ነፍስ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ብቻ መርዳትስ ምን ማለት ነው? ጉዲና የተማሪ ፓርቲ አልመሠረቱም። ጥያቄያቸው ግን ከብዙ ጉባኤ መግለጫ ይልቅ ጠልቆ የሄደ ይመስለኛል፤ ዛሬም ባሕር ማዶ ያለ ማኅበር ለወለጋ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲልክ ምን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ማን ነው ቢባል መልሱ ቀላል አይደለም።

ጉዲና የተማሩባት የሚኒሶታ መንታ ከተማ ዛሬ በአሜሪካ ትልቁ የኦሮሞ ማኅበረሰብ ያለባት ናት። በነቀምቴ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓሶች ያሉት የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለቱን ማገናኘት ተራ ነገር መሆን ነበረበት። በ2010 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲያስፖራውን በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ሲጠሩ ብዙ ወጣት ተነሳስቶ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ወለጋ ከተሞች ጎረፉ። በ2012 በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋረጠ፤ ውጭ ያለ ተማሪ መዋጮው ይቅርና የእናቱን ድምፅ መስማት አልቻለም። መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በ2015 እና በ2016 ታንዛኒያ ላይ ያደረጉት ሁለት ዙር ድርድርም ያለ ስምምነት ተበተነ።

መንገድ ሲዘጋ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ በወለጋ ታሪክ አዲስ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ ከወጣ በኋላ ስዊድን አምስት ዓመት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1881 ተመለሰ። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከረ፤ አልሆነም። ቀጥሎ በእንጦጦ በኩል ሞከረ፤ ምኒልክ አላሳለፉትም። ነቀምቴ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ የአካባቢው ገዢ ኩምሳ ሞረዳ ተቀብለውት ትምህርት ቤት ከፈተ። በመካከል ካሉት ዓመታት ብዙዎቹን በምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ተቀምጦ ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም አሳለፈ። እንደ እሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ተረቱንና ምሳሌውን ከትዝታዋ እየለቀመች እ.ኤ.አ. በ1894 ለወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ አበረከተች፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ተማሪዎቹን ገና ሳያገኝ መጻሕፍታቸው ደርሰው ነበር።

ዛሬ ከሚኒያፖሊስ ወደ ጊምቢ መምህር መላክ የሚከብደው የተማሪዎች ማኅበር፣ በአፋን ኦሮሞ የነርሲንግ መማሪያ ወይም የሳይንስ ቃላት መፍቻ ለማዘጋጀት የመንገዱን መከፈት መጠበቅ አይኖርበትም። የሚያስፈልገው ነቀምቴ ያለውን መምህር የትኛው ምዕራፍ ይቅደም ብሎ መጠየቅ ነው።