«ወጣ»፦ ዳገቱም በሩም ያለው ግሥ

የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተራገፈው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ላይ ነው። የቦታውን ሥራ ለመንገር አንድ ግሥ ብዙ ያስኬዳል። ጥራጊው ከየቤቱ ይወጣል፤ የጫነው መኪና ክምሩ ላይ ይወጣል፤ ፕላስቲክና ብረት ለቃሚዎች የሚሸጠውን ያወጣሉ፤ የቤታቸውንም ወጪ በዚያው ይሸፍናሉ።

«ወጣ» ሁለት እንቅስቃሴ ይዟል፦ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ላይ። ግዕዝ ሁለቱን ለይቶ ለፊተኛው «ወፅአ»፣ ለኋለኛው «ዐርገ» ይላል። አማርኛ «ወጣ»ን ለሁለቱም አዋለው፤ «ዐረገ» በአመዛኙ ለዕርገት ተለይቶ ቀረ። እንግሊዝኛ ደግሞ «ጎ» ብሎ «አውት» ወይም «አፕ» ይጨምርበታል።

ታዲያ የትኛው መሆኑ በምን ይታወቃል? ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። ከቤት የወጣ ይገባል፤ ዳገት የወጣ ይወርዳል። ገንዘብ በበሩ በኩል ነው፣ ወጪና ገቢ አለው፤ ዋጋ በዳገቱ በኩል ነው፣ ይወጣል ይወርዳል። ፀሐይ ግን ሌላም ተቃራኒ አላት፤ ወጥታ ትገባለች ቢባልም፣ ወጥታ ትጠልቃለችም ይባላል።

ሦስተኛው ፍቺ ከስውር ወደ ገሃድ መምጣት ነው። ዕጣ ይወጣል፤ ሕግ ይወጣል፤ ስምም ይወጣል። ረጲ ለሚባለው ለዚህ ቦታ ቆሼ የሚል ስም የወጣለት ከሚጣልበት ቆሻሻ ነው።

ግሡ የማይናገረውም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ «በሕይወት ወጣ» እና «አስከሬኑ ወጣ» የተባለው በአንድ ግሥ ነው። በራሱ እግር ይውጣ፣ በሰው እጅ ይውጣ፣ «ወጣ» አይለይም። የሌላውን እጅ ለማሳየት «አወጣ» ያስፈልጋል።

«ተወጣ» ደግሞ የተሸከሙትን ግዴታ እስከ መጨረሻ አድርሶ መገላገል ነው፤ ኃላፊነትን መወጣት እንዲሉ። በ2008 የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ መጋዝ ጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ሲቃወሙ ግን በዚያው ዓመት ወደ ቆሼ ተመለሰ። ክምሩ የተናደው በተከታዩ ዓመት ነው። ቆሻሻን ከቤት ማውጣት እያንዳንዱ ቤት ይችልበታል። ሰንዳፋና ቆሼ የጠየቁት ግን መወጣትን ነው፤ የወጣው ቆሻሻ የት እንደሚገባ፣ ማን ራስ ላይ እንደሚወርድ ማሰብን።