ሞተር ሞቆ ከቆመ በኋላ ስለማይነሣበት ምክንያት
ቤንዚን በግፊት በሚረጩ አሮጌ የስፖርት ኦቶሞቢሎች ላይ የተደረገ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ በሚመላለሱ የአሮጌ ስፖርት ኦቶሞቢል ባለቤቶች ዘንድ አንድ ስሞታ ይሰማል። ጧት በብርድ ቁልፉ እንደተነካ የሚነሣው ሞተር፣ የእንጦጦን አቀበት ወጥቶ ሱሉልታ ከደረሰ በኋላ ባለቤቱ ቡና ጠጥቶ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆም አልነሣም ይላል። ሁለት ሦስት ሰዓት ቢተዉት ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። ባለቤቶቹ «ያኮርፋል» ይሉታል። መካኒኩም አንዳንድ ጊዜ ነገሩን በአገራችን ከፍታ ላይ ያላክክና፣ የቤንዚን መርጫውን በሙሉ አውልቆ ካርቡራቶር መግጠም ይሻላል ብሎ ይፈርዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ተፈታትቶ የተጣለውን መተካት ቀላል ስላልሆነ፣ ይህ ፍርድ ልክ መሆኑን መመርመር የሚገባ መስሎን ነበር። መርምረንም ልክ ሆኖ አላገኘነውም።

በመጀመሪያ ስለ ከፍታው እንናገር። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላቸው፤ ሱሉልታም ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚን ደግሞ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ በመሆኑ አንድ የመፍያ ልክ የለውም፤ ቀላል ቀላሉ ክፍል በባሕር ዳር እንኳ በ40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከዚያም ቀደም ይላል።

ሞተር በሚሄድበት ጊዜ ውሃው ይዞራል፣ ነፋሱም በራዲያተሩ ያልፋል። በጠፋ ጊዜ ግን ሁለቱም ይቆማሉ፤ በብረቱ ውስጥ የታመቀው ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ ከኮፈኑ ሥር ይከማቻል። በዚህም ምክንያት የቤንዚን ቱቦዎቹ ከሁሉ ይልቅ የሚግሉት በጉዞ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ከጠፋ ከሃያና ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ነው። ችግሩ በአምስት ደቂቃ ሳይታይ በግማሽ ሰዓት የሚታየውና ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚጠፋው ስለዚህ ነው። ሰዓትን ማየት የምርመራው የመጀመሪያ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

መሐንዲሶቹ ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር። ለምሳሌ ቦሽ በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በፖርሽ 911፣ ኋላም በጎልፍ ጂቲአይ ላይ የተገጠመው ካ-ጄትሮኒክ የተባለው መርጫ በአምስት ባር ገደማ ይሠራል። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ኢንጄክተሮቹ ከሚከፈቱበት ልክ በታች ይወርዳል፤ ነገር ግን ከሁለት ባር አካባቢ ሳይርቅ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ተደርጓል። ይህን የሚጠብቁት በፖምፓው ጫፍ ያለው ቤንዚኑ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ፣ እንዲሁም በውስጡ ሞላና የጎማ ገለፈት ያለበት የግፊት ማጠራቀሚያ ናቸው። የታመቀ ቤንዚን በቀላሉ አይፈላም።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። መለኪያው ሁለት ባር ሲያሳይ የአየሩ ግፊት ተጨምሮ በባሕር ዳር ሦስት ባር፣ በሱሉልታ ደግሞ ሁለት ከሦስት አራተኛ ባር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ግፊቱ በሙሉ ሾልኮ ካለቀ ግን በባሕር ዳር አንድ ባር ሲቀር በሱሉልታ የሚቀረው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው፤ ቤንዚኑም በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ጤነኛውን መርጫ ከፍታው ብዙም አይነካውም፤ የሚያሾልከውን ግን ያጋልጠዋል። በአሰብ ምናልባት ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖር የነበረ ጥፋት በእንጦጦ ማዶ በአንድ ቀን ይታወቃል።

ወደ ምርመራው ስንገባ፣ አስቀድሞ ሞተሪኖው በደንብ መዞሩን ማየት ይገባል። ሲሞቅ የሚያቃስት ከሆነ ጉዳዩ የቤንዚን ሳይሆን የሞተሪኖ፣ የባትሪ ወይም የገመድ ነው። በደንብ እየዞረ ካልተነሣ አንድ ካንዴላ ይፈታና ብልጭታ መኖሩ፣ ቀጥሎም ጫፉ ይታያል። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ይኸውም እንፋሎት ነው። እርጥብ ሆኖ ቢሸት፣ ሲነሣም ጥቁር ጭስ ቢያወጣ፣ አንዱ ኢንጄክተር ወይም ለብርድ ጊዜ ብቻ የሚረጨው ተጨማሪ ኢንጄክተር እያንጠባጠበ ነው። ይህን ሁለቱን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚህ በኋላ የግፊት መለኪያ ይገጠማል። ሞተሩ እስኪሞቅ ይሄድና ይጠፋል፤ ግፊቱም ወዲያው፣ በአሥር ደቂቃና በሃያ ደቂቃ ይጻፋል። ቶሎ ከወረደ የሚሾልክበትን ቦታ መፈለግ ነው። ኢንጄክተሮቹን አውጥቶ በየጠርሙሱ አፍ ማስቀመጥና ፖምፓው ከቆመ በኋላ የሚያንጠባጥበውን ማየት ይቻላል። ፖምፓው እየሠራ ከማጠራቀሚያው ጀርባ ባለው ቱቦ ቤንዚን ከወጣ ገለፈቱ ተቀዷል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የሚጠረጠሩት የፖምፓው ቫልቭና በቤንዚን ማከፋፈያው ውስጥ ያለው የግፊት ማስተካከያ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚደረገው በገላጣ ቦታ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦና ሲጋራ ርቆ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ቀልድ አያውቅም።

በኤሌክትሪክ አንጎል የሚታዘዙት እንደ ኤል-ጄትሮኒክ ያሉት መርጫዎች አንድ ሌላ ተጠርጣሪ አላቸው፤ እርሱም የውሃውን ሙቀት የሚናገረው መሣሪያ ነው። በቦሽ ሥራ ይህ በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ገደማ ያሳያል። ሞቆ ሳለ ብዙ ሺህ ካሳየ ለሞተሩ «በርዶሃል» እያለ ይዋሻል፤ ሞተሩም በቤንዚን ይጥለቀለቃል።

ከካርቡራቶር የወረስነውን ፔዳል ደጋግሞ የመርገጥ ልማድም መተው ይገባል። በካ-ጄትሮኒክ ላይ መርገጡ ብቻውን ቤንዚን አይጨምርም። ሞተሩ በቤንዚን ከታፈነ ግን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይዞ ማዞር ይረዳል።

ይህን ሁሉ ለመሞከር ያበቃን የሰበታው ነዋሪ ሽማግሌ ኦቶሞቢል ነው። ባትሪውን፣ ካንዴላዎቹንና ቦቢናውን በየተራ ለውጠዋል፤ ካርቡራቶር እንዲገጥሙም ተመክረው ገንዘብ ያጠራቅሙ ነበር። መለኪያውን ገጥመን ሞተሩን ስናጠፋ መርፌው እያየነው ወደ ዜሮ ወረደ። ከማጠራቀሚያው ጀርባም ቤንዚኑ ይወርድ ነበር። ከአሮጌ ኦቶሞቢል የተገኘ ደህና ማጠራቀሚያ ከተገጠመ በኋላ ከሰበታ ተነሥተን በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሱሉልታ ወጣን፤ ኮፈኑን ዘግተንም ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆየን። ሽማግሌው ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሩም ተነሣ። መለኪያችንን ግን እስካሁን አልመለሱልንም።