ባልሳሚክ አቼቶ፦ ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ

ሰላጣ ላይ ጠብ የምናደርገውን አቼቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙንም የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው። ዛሬ ዛሬ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ ጠቆር፣ ጣፈጥ ያለና ዋጋው ከፍ ያለ ዘመዱን እናያለን፤ ባልሳሚክ አቼቶን።

እኔም በልጄ ልደት ሰሞን እንግዶች ስለነበሩኝ አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። የሳበኝ የጠርሙሱ ቅርጽና በላዩ የተሳለው የእንጨት በርሜል ነበር። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነብ ግን መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ተራ የወይን አቼቶ፣ ቀጥሎ ስኳርና ማቅለሚያ ሆኖ አገኘሁት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ማሸጊያ እንዴት እንደሚያማልል ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ለመሆኑ እውነተኛው የቱ ነው?

የባልሳሚክ አገሩ ሰሜን ጣሊያን፣ የሞዴናና የሬጆ ኤሚሊያ አካባቢ ነው። “ትራዲሲዮናሌ” ማለትም ባህላዊ የሚባለው የሚሠራው ከወይን ጭማቂ ብቻ ነው። ጭማቂው በእሳት ተንተክትኮ ከወፈረ በኋላ ከትልቅ ወደ ትንሽ በተደረደሩ የእንጨት በርሜሎች፣ በአብዛኛው በቤት ጣሪያ ሥር ይቀመጣል። በሙቀቱ ወራት ውሃው እየተነነ ይሄዳል። በየዓመቱ ከትንሹ በርሜል ጥቂት ይቀዳና የጎደለው ከሚቀጥለው በርሜል ይሞላል። ቢያንስ 12 ዓመት፣ “ኤክስትራቬኪዮ” ለመባል ደግሞ ቢያንስ 25 ዓመት ይቆያል። የሚሸጠው 100 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ትንሽ ጠርሙስ ነው። ውድ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው “አቼቶ ባልሳሚኮ ዲ ሞዴና” የሚባለው ነው። ይህ የወይን ጭማቂና የወይን አቼቶ ድብልቅ ሲሆን፣ በእንጨት ዕቃ ውስጥ የሚቆየው ቢያንስ 60 ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ ስሙን በሕግ ጠብቆለታል። ለዕለት ተዕለት ምግብ የሚበቃን ይኸው ነው።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ክቡን የአውሮፓ ኅብረት ማኅተም ይፈልጉ፤ ቀይና ቢጫው የባህላዊው፣ ሰማያዊና ቢጫው የሁለተኛው ነው። ሁለተኛ፣ የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ። የወይን ጭማቂ ከወይን አቼቶ ቀድሞ ከተጻፈ ወፈርና ጣፈጥ ያለ ነው፤ አቼቶው ከቀደመ ደግሞ ቀጠንና ኮምጠጥ ይላል።

በወጥ ቤት ውስጥ

ለሰላጣ አንድ ማንኪያ ባልሳሚክ ከሦስት ማንኪያ የወይራ ዘይትና ከቁንጥር ጨው ጋር ይምቱ። በቲማቲም፣ በቀይ ሥርና በተጠበሰ አትክልት ላይ ይጥማል፤ ለጾም ገበታም ይስማማል። ወፈር ያለ ማባያ ከፈለጉ በትንሽ እሳት፣ ሳይሸፍኑ፣ ግማሽ እስኪሆን ያፍሉት። እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል መስኮት ይክፈቱ። ባህላዊው ግን እሳት አይንካው፤ በፓርሚጃኖ አይብ፣ በእንጆሪ ወይም በቫኒላ አይስክሬም ላይ ጥቂት ጠብታ ይበቃል።

ጠርሙሱን በደንብ ከድነው ከምድጃ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ፍሪጅ አያስፈልገውም።

የእኔን ጠርሙስ አልጣልኩትም፤ ለሥጋ መዘፍዘፊያ ተጠቅሜ ጨረስኩት። ቀጣዩን ስገዛ ግን መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው።